ከተቀዳ ይሞታል

ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የዓኒሳን ድምፅ የማያውቅ የለም። ሺቲ የሚባለውን ስስ የሴት ቀሚስ ትሸጣለች። ዋጋ ቀንሺ ብሎ የሚነዘንዛትን ወንድ «አቦ ለሚስትህ ከሆነ እቀንስልሃለሁ፣ ለሌላ ከሆነ ጨምር!» ብላ መደቡን ሁሉ በሳቅ ታፈርሰዋለች። ባሏን ከፈታች በኋላ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ድምፅ ነው። ሰው ጉሮሮዋን ያደንቅ ነበር እንጂ ስለ ሳንባዋ ማን አስቦ ያውቃል?

የያዛት የሳንባ ምች ነበር። እሷ ግን ጉንፋን ነው ብላ እየሳለች ከረመች። ኋላ ትኩሳቱ ሲጥላት፣ ጋደም ማለት ሲያቅታት፣ ቃል ጀምራ ሳትጨርስ ትንፋሿ ሲቆረጥ ታላቅ ወንድሟ ዐብዲፈታሕ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ ጀርባዋን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠና ራጅ አስነሣት።

«እናቴ፣ በሳንባሽና በጎድንሽ መካከል ውሃ ሞልቷል» አላት። «ሳንባሽን ጨምቆ ይዞታል፤ አየር የማይገባልሽ ለዚያ ነው። ዛሬውኑ በመርፌ እንቅዳው። ከቆየ መግል ይሆናል፣ ሳንባሽን እንደ ቅርፊት ይለብጠዋል። ያን ጊዜ ብንቀዳውም ሳንባው ተመልሶ አይነፋም።»

«መርፌ የለም!» አለ ዐብዲፈታሕ። ሹፌር ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሱ ነው። «አባታችን ውሃው በተቀዳ ማግስት ነው የሞተው። ሰው ከተቀዳ ይሞታል፣ ኸላስ!»

«አባትህን ስታመጣቸው እንዴት ነበሩ?» አለው ሐኪሙ።

አባቱን ቤት አስተኝቶ አክርሞ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ በኋላ በሸክም እንዳመጣቸው አልተናገረም። «አንተ ኪኒኑን ስጥ» አለ ቆጣ ብሎ።

የሚያንገበግበው ታዲያ የዓኒሳ ዝምታ ነው። ገበያ የማይችላት ሴት ለወንድሟ አንዲት ቃል አልመለሰችለትም። ፈርታ ነው፤ የአባቷን ከፈን እሷም አይታዋለች። ኪኒኗን ይዛ ወጣች።

ኪኒኑ ትኩሳቱን አበረደ፣ ውሃውን ግን ንቅንቅ አላደረገውም። ትራስ ተደርድሮላት ተቀምጣ ታድር ጀመር። «በሩን ክፈቱ፣ አየር ስጡኝ!» ትላለች። አየሩማ ሞልቷል፣ ተቀባዩ ነው የጠፋው። ዐብዲፈታሕ ማርና ጥቁር አዝሙድ ይዞ እየመጣ «አየሽ፣ ሳትወጊ ይኸው አለሽ» ይላታል።

በመጨረሻ የሷም ከንፈር ጠቆረና ልጆቿ አጎታቸውን ሳያስፈቅዱ ይዘዋት ሄዱ። ሲቀዳ የወጣው ወፍራም መግል ነበር። ሳንባው ይነፋል ተብሎ ተጠበቀ፤ አልተነፋም። ቅርፊቱ ቀፍድዶት ጥግ ላይ ተኮራምቶ ቀረ። አዲስ አበባ ቅርፊቱን የሚልጥ ቀዶ ጥገና አለ ሲባል ዐብዲፈታሕ ጮኸ። «መርፌው እንዲህ አደረጋት፣ አሁን ደግሞ በቢላ ልትጨርሷት ነው?» ገበያውም ይህንኑ ተቀብሎ አወራው፤ ዓኒሳን መርፌ ወግተው ድምጿን ወሰዱት ተባለ።

ቀዶ ጥገናው ቀርቶ ዓኒሳ ቤቷ ተኝታ ሳለች፣ አንድ ቀን ከመደቧ አጠገብ ሻሽ የምትሸጠው ዱኒያ ልትጠይቃት መጣች። ገና ልጅ ናት፣ የምታጠባው ሕፃን አላት። እሷንም ሳል አክርሟት፣ ደረትሽ ውሃ ይዟል፣ ነገ ይቀዳ ተብላለች።

«ዓኒሳ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልቀዳ?»

ዓኒሳ ከትራሷ ቀና አለች። ይህቺን ልጅ ማዳን አለባት፤ ከዚህ በላይ የፈለገችው ነገር አልነበረም። እጇን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት። «ሂጂ» አለች። ሳል አቋረጣት። አየር ሳበች፣ ጎኗ ወጋት። «ተቀጂ… እኔ… ዘግይቼ… ነው።» ላቧ በግንባሯ ወረደ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ዓይኖቿ ፈጠጡ።

ዱኒያ ቃሉን ሰምታለች። ያየችው ግን ያንን ፊት ነው። «እሺ እቴ፣ አይዞሽ» ብላ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

ደጅ ዐብዲፈታሕ ቆሞ ነበር። «ወላሂ፣ እንደሷ ከምሆን ቤቴ ልሙት» አለችው ዱኒያ።

«ጎበዝ! ልብ ያለሽ ልጅ ነሽ» አላትና ባጃጅ ጠራላት።

ዓኒሳ በክፍቱ በር ሁሉንም ሰማች። «ዱኒያ!» ብላ ተጣራች። ድምፁ ከአልጋው አላለፈም፤ ባጃጁ ተነሥቶ ሄደ።