ከሻሹ ስር ያለው ቀይ

እሁድ ነበር። እናታችን እህል ልታመጣ በጠዋት ከአዳማ ወደ ደራ ሄዳለች። እህቴ የግቢው በር መዘጋቱን ደጋግማ አየችና ሻሿን ፈታች።

ፀጉሯ ያን ቀን ምን ይመስል እንደነበር መጻፍ ይቸግረኛል። ከሥሩ ጥቁር ነው፤ መሃሉ የደበዘዘ ሮዝ፤ ጫፉ ደግሞ እንደ ገለባ። ቀይ ቀለም ቶሎ ይሄዳል። በጊዜው ካልተደገመ እንዲህ ይሆናል።

መጀመሪያ የመረጠችው ሰማያዊ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሻገተ ዳቦ መሰለ። መስታወቱ ፊት ቆማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ኮስሞቲክስ ቤት ይዛኝ ሄደች፤ የካርቶኖቹን ሥዕል አንድ በአንድ እያየች ባለ ሱቁን አሰለቸችው። በመጨረሻ ቀዩን አነሳች። የቀይ ሥር ዓይነት ቀይ።

እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። መንገድ ላይም፣ ማሽኑ ላይም፣ ቤት ውስጥም ሻሽ አታወልቅም። እኛ ሙስሊም ነን። እናቴ ከወሎ የመጣች ናት፤ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ልጇ ቤት ውስጥ እንኳ ሻሽ ስለማትፈታ ጎረቤት ላይ ትኮራ ነበር። «እንደኔ ልጅ ጨዋ ካለ አምጡ» ትላለች። እህቴ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ አታይም። ካየችኝ ትስቃለች። ስለ ቀለሙ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያወቅሁትም የጭንቅላቷን ጀርባ የሚቀባላት ሰው ስለቸገራት ነው።

«ለመሆኑ ማን ሊያየው ነው?» አልኳት ብሩሹን እያጠቀስኩ።

«አንተ የውስጥ ሱሪህን የምታጥበው ለማን ብለህ ነው?»

«እኔማ አላጥብም።»

«እሱማ ይሸታል። ኧረ ቀስ በል፣ ግድግዳ መሰለህ እንዴ? ጆሮዬን ተወው!»

ቀብቼ ስጨርስ ፀጉሯን በፌስታል ጠቅልላ ጥላው ስር ተቀመጠች። ቀለሙን ማለቅለቅ ያለብን በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ ሁሉንም ይዞት ይሄዳል። አዳማ ላይ ደግሞ እኩለ ቀን የሮቶ ውሃ ሻይ ያፈላል። ስለዚህ በጠዋት በባልዲ ቀድታ ጥላ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። አጎንብሳ እኔ አፈሰስኩላት። ውሃው ግቢውን አቋርጦ ቀይ ሆኖ ወረደ። ሳይጠራ ባልዲው አለቀ። ቧንቧውን ስከፍተው ውሃ ሄዷል።

«በቃ ተወው፤ ነገ ከሥራ ስገባ እጨርሰዋለሁ» አለችና በአሮጌ ፎጣ አድርቃ ጥቁር ሻሽ አሰረችበት።

እናቴ አመሻሽ ላይ ገባች። እራት በላን። ያን ቀን ሌላ ምንም አልሆነም። ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። የለም።

ሰኞ ከፓርኩ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። እኛ ሐኪም ቤት ስንደርስ አልፋለች። ጭንቅላቷን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ በፋሻ ጠቅልለው ሰጡን። ከእኛ ማንም አልፈታውም።

በነጋታው ጠዋት ሴቶች ሊያጥቧት መጡ። ግቢው ጥግ ላይ አንሶላ ወጠርን። እኔ ሞቅ ያለ ውሃ እያቀረብኩ ከአንሶላው ውጭ ቆምኩ። የሚያዙት አዴ የምንላቸው ሴትዮ ነበሩ፤ የደራ ሰው ናቸው፣ ጎረቤታችን፤ በሰፈራችን ሴት ሲሞት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ድገሚው፣ አልጠራም» ሲሉ ሰማሁ።

«ስንቴ እንድገመው አዴ? ደሙ አይቆምም።»

«ቁስሉን በጥጥ ያዢዋ።»

«ቁስሉማ ደርቋል እኮ። ፀጉሯ ሁሉ ደም ነው። የሞተ ሰው እንዲህ ይደማል?»

እናቴ ተነሳች። ከሌሊቱ ጀምሮ በእግሯ ስትቆም አላየኋትም ነበር።

«ምን አለች? ልጄ ትደማለች?» ወደ አንሶላው ተራመደች። «የሞተ ሰው አይደማም! ልጄ አልሞተችም! መኪና አምጡልኝ! ያ ረቢ፣ መኪና!»

ሀዘንተኛ ሊያመላልስ ሚኒባሱን በር ላይ ያቆመው ጎረቤታችን ሮጦ ወጣ። ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። እኔም አመንኩ። ለትንሽ ጊዜ አመንኩ። ሐኪም ቤት ልሄድ ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር።

ያኔ ውሃው በአንሶላው ስር መጣ። ደም መሬት ላይ ሲፈስ ይጠቁራል። ይኼ ግን ከሳሙናው አረፋ ጋር ሮዝ ሆኖ እሁድ በሄደበት በኩል ወረደ።

ዝም ብል እያልኩ አሰብኩ። ዝም ብል ትንሽ ትቆይላታለች።

«እማዬ» አልኳት። «ደም አይደለም። ቀለም ነው።»

«የምን ቀለም?»

«የፀጉር። እሁድ ነው የቀባናት።»

«ዝም በል! እኔ ደም አላውቅም?»

ጣቴን አሳየኋት። ጥፍሬ ዙሪያ ቀይ ነበር። እጄን ይዛ በሻርፗ ጫፍ ፈተገችው። ምራቋን አድርጋ እንደገና ፈተገችው። አልለቀቀም።

«እኔ ሳላይ?» አለች። እጄን ሳትለቅ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከአንሶላው ጀርባ የውሃው ድምፅ ቆመ። ከዚያ አዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀለም ከሆነ ልጅቷ ንጹሕ ናት» አሉ። «ከፈኑን አቀብሉኝ።»

የእናቴን ጣቶች ከእጄ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅሁና ወደ በር ወጣሁ። ሾፌሩ የኋላውን ወንበር አጥፎ ፍራሽ ዘርግቶበታል።

«የታለች? ቶሎ በሉ እንጂ!»

«ሞተሩን አጥፋው» አልኩት።

«ምን?»

«አጥፋው።»

እጄን በመስኮቱ አስገብቼ ቁልፉን ራሴ አዞርኩት።