እኔው የመረጥሁት ኩሽኔታ

ትናንት ከሰዓት ጣሪያ ሥር ተንጠልጥዬ እመብርሃንን ስጣራ ነበር።

የምሠራው ወደ ሰባታሚት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ነው። መካኒክ ነኝ። ጠዋት የፎርክሊፍታችን ኩሽኔታ ተሰበረ። ሹካው ጭነት ይዞ ሲወጣና ሲወርድ ቋሚው ብረት ላይ የሚሮጠው ኩሽኔታ ማለቴ ነው። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሁሌ ወደምገዛባቸው ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። ሐጂ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ መለዋወጫ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

በካሊፐር የለካሁትን ነገርኋቸው። ሁለት ኩሽኔታ አወጡ፤ ልካቸው አንድ ነው። አንደኛው የውጭ ቀለበቱ ወፍራም፣ ከባድ፣ ሲያሽከረክሩት ጎታታ። ሌላው ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት የማይቆም... ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

«ምን ላይ ነው የሚገባ ልጄ?» አሉኝ።

«ልኩ ከገጠመ ምን ቸገረዎት ሐጂ? ስንት ዓመት ኩሽኔታ ስቀይር የኖርሁ ሰው ነኝ እኮ!»

ስሱን አንስተው ሰጡኝ። ከችኮላዬ የተነሳ አሮጌውን ፈትቼ ሳላሳያቸው ከነጨርቁ ጠረጴዛቸው ላይ ረስቼው ወጣሁ።

ገጠምሁት፤ ልክክ አለ። ጣሪያው ደግሞ የሩዙ ጆንያ ላይ ያፈስ ስለነበር ሰው ወጥቶ መድፈን ነበረበት። እኛ ዘንድ መጥፎ ልማድ አለ። መሰላል ከመፈለግ ሹካው ላይ የተቀመጠ የእንጨት ፓሌት ላይ ቆመን በፎርክሊፍቱ እንወጣለን።

ሹፌሯ ሰብለ «መጀመሪያ ጭነት ይዞ ይሞከር» አለች።

«እኔ የገጠምሁትን ነው የምትጠራጠሪ? እኔው እወጣለሁ!» አልኋት። ጉረኛ!

ላይ ስደርስ በመስኮቱ ጣና ወለል ብሎ ታየኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ... ቋ!

ፓሌቱ አንድ ክንድ ያህል ወረደና ዘሞ ቆመ። የተሰበረው ቀለበት ታች ሲሚንቶው ላይ ሲንከባለል ሰማሁ። የጣሪያውን ብረት በሁለት እጄ ጨመደድሁት። የመጣብኝ የልጄ ፊት ነው። ጠዋት ሳልስማት ነበር የወጣሁ።

«ላውርድህ?» ሰብለ እያለቀሰች ነው። እጇ ማውረጃው ላይ ነው።

«አውርጂኝ! ቶሎ በይ!»

በዚህ መሀል በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። ሐጂ! የእኔን ጨርቅ ጨብጠው እየሮጡ ገቡ።

«እጅሽን አንሽ ልጄ! እንዳትነኪው! ሹካው ከተቀረቀረበት ከለቀቀ ይዞት ነው የሚወድቅ!»

ሰብለ እጇን መንጭቃ አነሳች። መሰላል እስኪመጣ ያለችው ደቂቃ አላልቅ አለች። «አይዞህ፣ ወደ ታች አትይ፣ እኔን ስማ» ይሉኛል ሐጂ። መሰላሉን ራሳቸው ደግፈው ያዙልኝ። እግሬ ፓሌቱን ለቆ መሰላሉን ሲረግጥ ፓሌቱ ከኋላዬ ተንሸራቶ ወረደ... ማንንም አልነካም፤ ድምፁ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አልሁ። ሐጂ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ጨርቁን ፈቱት። አሮጌው ኩሽኔታ ነው፤ ወፍራሙ ዓይነት።

«ብረት ውስጥ ተቀብሮ የሚሠራ መስሎኝ ሰጠሁህ። ይኼን ባይ ጊዜ ልቤ ቀጥ አለ! ራሱን ችሎ ብረት ላይ የሚሮጥ ነው እኮ፤ ያ ስስ ቀለበት እንዴት ይችለዋል? ብደውል ብደውል አታነሳ!»

ስልኬ ታች የሰቀልሁት ጃኬት ውስጥ ነበር።

ከኪሳቸው ወፍራሙን አዲስ ኩሽኔታ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «አሁንስ ምን ላይ እንደሚገባ ትነግረኛለህ?»

«እኔ የምቆምበት ላይ ነው ሐጂ» አልሁ። እንባዬ መጣ።

ከእንግዲህ ሱቅ ገብቼ አንዲት ብሎን ስገዛ እንኳ፣ ባለሱቁ አፉን ሳይከፍት ሁሉንም ነው የምናዘዝለት።