ያን ቀን እኔም ነበርኩ

ፎ፣ ማለትም ወንድም ጋሼ፣ እያልን የምንጠራው አግቤኮ ቅናተኛ መሆኑን ግቢያችን ያወቀው ሚስቱ አክፔኔ እንግሊዝኛ መማር ስትጀምር ነው። ከዚያ በፊትማ በማን ይቀናል? ሎሜ፣ ኮጆቪያኮፔ ሰፈር ውስጥ፣ ከጋና ድንበር ኬላ እስከ ባሕሩ ዳር ብትጠይቁ፣ ፀጉር አስተካካዩን አግቤኮን የማያውቅ የለም። እጁ ቀላል ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁም ይፈጥናል። ለቅሶ ቤት ሰው ማዛጋት ሲጀምር፣ ሠርግ ላይ ዝናብ መጥቶ እንግዳው ከዳስ መውጣት ሲያቅተው፣ «አግቤኮን ጥሩልን» ይባላል። መጥቶ በርጩማው ላይ ይቀመጥና «ተረት ስሙ!» ይላል። «ተረት ይምጣ!» እንላለን። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ የሚያምረው ሰው አይገኝም።

እኛ ዘንድ ደግሞ አድማጭ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። ነገሩ ሲጣፍጥ ከመሃል አንዱ ብድግ ብሎ «ቆይ! ያን ቀን እኔም ነበርኩ!» ይላል። ያየውን አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ዘፈን ያነሳል፣ ይጨበጨባል፣ ተራኪውም ትንፋሽ ሰብስቦ ይቀጥላል። ለአግቤኮ እንዲህ የምትነሳለት ሁልጊዜ አክፔኔ ነበረች። ስታየው ዝምተኛ ናት፤ ሰላምታዋ እንኳ በልመና ነው የሚወጣው። በሱ ተረት መሃል ስትነሳ ግን ሌላ ሴት ትሆናለች።

ከተረቶቹ ሁሉ የሚወደደው የታክሲው ነበር። ሰው ደጋግሞ ሰምቶትም «የታክሲውን አምጣ» ይለዋል። ልጃቸው ሴፋኮ የተወለደችበት ቀን ነው፤ ያኔ ሌላ ሰፈር ነበር የሚኖሩት። ሰማይ ተቀደደ፣ መንገዱ ሐይቅ ሆነ፣ አክፔኔን ያሳፈረው ታክሲ ውሃ መሃል ቀጥ አለ። ሹፌሩ ጣሪያው ላይ ወጥቶ መዝሙር ይዘምራል። አግቤኮ በአንድ እጁ መኪናውን እየገፋ በሌላው የሚስቱን እጅ ይዟል። ልጅቷ እዚያው ተወለደች፤ እሱም ነጭ የክት ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለላት፤ እሷም አስነጠሰች። እዚህ ላይ አክፔኔ ትነሳለች፤ «ያን ቀን እኔም ነበርኩ!» ሰው በሳቅ ይወድቃል፤ አንቺ ካልነበርሽ ማን ይኖራል! እኔ እዚያ ግቢ የገባሁት ሴፋኮ መራመድ ስትጀምር ነው። ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ፤ ስሰማው ግን ሁሌም እስቃለሁ።

አክፔኔ የላስቲክ ጫማ ትነግዳለች፤ ከአክራ እያመጣች ሎሜ ገበያ ትሸጣለች። አክራ ላይ ቋንቋችንን ኤዌን የማይሰማ ነጋዴ ሁሉ በጣቱና በግንባሩ ሲያናግራት አንገፈገፋት። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከድንበር ማዶ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። እናም ተያይዘን መምህር ዶትሴ ጋ ተመዘገብን። ዶትሴ ከጋና፣ ከኬታ የመጣ የኛው ኤዌ ነው፤ ረዘም ያለ፣ ሸሚዙን የሚተኩስ፣ ሚስት የሌለው። ይህን የመጨረሻውን አግቤኮ ከእኔ ቀድሞ ነው ያጣራው።

ዶትሴ የሚያስተምረው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ገበያ ከተፈታ በኋላ ነው። ሰዋስው ብሎ አያደክመንም። አጫጭር ታሪክ ያነብልናል፤ ስለ ድንበር ሰልፍ፣ ስለ አማት፣ ስለ ቀብር ልብስ፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ። ኑሯችን ስለሆነ ቃሉን ባናውቀው እንኳ ነገሩ ይገባናል። በመጨረሻ ደግሞ እያንዳንዳችን ከራሳችን ኑሮ አንድ ታሪክ በእንግሊዝኛ ማውራት ነበረብን፤ ሰው ተጠርቶ ይሰማል። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። «እውነት ይሁን» አለን። «ለውሸት ብዙ ቃል ያስፈልጋል፤ እናንተ ገና ጥቂት ነው ያላችሁ።»

አክፔኔ ጫማ ስታጥብ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ታሪኳን ለብቻዋ ታነበንብ ጀመር። አግቤኮ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል፤ ምንም አይገባውም። አንድ ቀን ግን ከዚያ ሁሉ ባዕድ ቃል መሃል «ታክሲ» የሚል ሰማ። ቀጥሎ «ሴፋኮ»። ደሙ ፈላ።

እዚያ ግቢ ግድግዳው ስስ ነው፤ ልስማ ባትሉም ትሰማላችሁ።

«ታክሲዬን ለዚያ ሰውዬ እየተረክሽለት ነው፣ አይደል?»

«የቱን ታክሲ?» አለች አክፔኔ።

«ስንት ታክሲ አለኝ? ሴፋኮ የተወለደችበትን ነዋ!»

«ታክሲው ያንተ ነበር እንዴ?»

«ተረቱ የኔ ነው! ያሳመርኩት እኔ ነኝ!»

«እሱስ አሳምረኸዋል» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ማንም እንዳንተ አያሳምርም።»

«እንግዲያው በስንት ሰው ፊት ‹ያን ቀን ነበርኩ› ስትዪኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ለሸሚዝ ተኳሽ ትሰጪዋለሽ? እመጣለሁ! እዚያው መጥቼ እሰማለሁ!»

«ባትመጣ ደስ ይለኛል።»

ይህን ባትለው ጥሩ ነበር። «አትምጣ» የተባለ ቅናተኛ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። አግቤኮ ምግብ አስጠላው። የበቆሎ ገንፎውን፣ አኩሜውን፣ በጣቱ እየጠፈጠፈ ያድራል፤ ደንበኛ ሲመጣ ዝም ብሎ ይላጫል። የአግቤኮ ሱቅ ዝም ሲል ሰው በሽታ ገባ ወይ ብሎ ነበር የሚጠይቀው። አንዱ ቀልደኛ የዜሚጃን፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ሞተሩን ከደጅ አቁሞ «ፎ፣ ምላስህንም ተላጨሃት?» ቢለው፣ ራሱን ግማሹን ላጭቶ አስወጣው።

ዶትሴ ደግሞ ምን ቆረጠው፣ በዚያው ሰሞን ፀጉሩን ሊስተካከል መጣ። እኔ ሱቁ ደጃፍ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሰፋ ነበር። አግቤኮ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፤ ጠበቅ አድርጎ።

«መምህር፣ ሚስቴ ትምህርቱን እንዴት ያዘችው?»

«አክፔኔ? ከሁሉም በላይ ናት።»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። የኔም መኪና ቆመ።

«በምኑ ነው በላይ የሆነችው?»

«በትረካ! ሰው እንዴት ፈዝዞ እንደሚሰማት ብታይ።»

«እኛ ቤት ተራኪው እኔ ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነ ካንተ ተምራው ነዋ!» አለ ዶትሴ እየሳቀ፣ አንገቱ ምላጭ ሥር መሆኑን ረስቶ።

አግቤኮ ጥቂት ላጨ። ከዚያ ድምፁን አለሳልሶ፣ «እዚያ እናንተ ጋ፣ በመሃል የሚነሳስ አለ? ያን ቀን እኔም ነበርኩ የሚል?» አለው።

«አለ እንጂ! እንግሊዝኛ ስለተማርን ኤዌነታችንን እንተዋለን? ለአክፔኔ ሌላ ሰው ካልተነሳላት እኔ እነሳላታለሁ።»

እኔ በልቤ፣ ይህ ሰው ዛሬ ጆሮ ይዞ አይመለስም አልኩ። አግቤኮ ግን ምላጩን አስቀመጠ። ፊቱን አዞረና፣ «እሱ ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚባለው?» አለ። መምህር ምስኪኑ፣ ተማሪ ያገኘ መስሎት ደስ አለው። ቃል በቃል አስያዘው፤ ምላስህን እንዲህ አድርግ፣ ጥርስህን እንዲህ። ጎንና ጎኑ ሳይተካከል ተላጭቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አግቤኮ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር በየደንበኛው ራስ ላይ ይለማመዳት ገባ። ሌላ እንግሊዝኛ የለውም፤ አልፈለገምም። «ዳቪ፣ እህቴ፣ ልክ ነኝ?» ይለኛል፣ ለአክፔኔ እንዳትነግሪ ብሎ እያስማለኝ። «ልክ ነህ» እለዋለሁ። «በላዬ ላይ ሌላ ሰው አይነሳላትም» ይላል። ሲናደድ ያስቀኝ ነበር፤ ይህን ሲል ግን አሳዘነኝ።

ቀኑ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወንበር ተደረደረ። አግቤኮ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጥቶ ከአጠገቤ ተቀመጠ። መጀመሪያ አንድ ጎማ ጠጋኝ ስለ አማቱ ፍየል አወራ፤ ተሳቀ። እኔም የኔን ተንተባትቤ ጨረስኩ። ከዚያ አክፔኔ ወጣች። ዶትሴ ከፊት ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል፤ አግቤኮም እሱን ይጠብቃል፤ ሁለቱም ሯጭ መስለዋል።

አክፔኔ ጥቂት ቃል ነው ያላት። እንዲህ ነበር የምትለው። ዝናብ ነበር። ሆዴ ትልቅ ነበር። ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ውሃ ሆነ። ታክሲው ቆመ። ሹፌሩ፣ እርዳታ ላምጣ ብሎ ሄደ። አልተመለሰም።

ጣሪያ ላይ የወጣ የለም፤ መዝሙር የለም። የሳቀ ሰውም የለም። እኔ የማውቀው የታክሲ ታሪክ ይህ አልነበረምና ግራ ገባኝ። አግቤኮ ግን «ታክሲ» ሲባል ብቻ ነው የሚሰማው። ዶትሴ ከወንበሩ ፈቀቅ ሲል አየ። ዘሎ ተነሳና፣ ግቢው እስኪያስተጋባ፣ በዚያ በተለማመደው እንግሊዝኛ «ቆይ! ያን ቀን እኔም ነበርኩ!» አለ።

ሰው አጨበጨበ። ባሏ መሆኑን የሚያውቁት ይበልጥ አጨበጨቡ። ጭብጨባው አልቆ ዘፈኑ እስኪነሳ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አክፔኔ አየችው። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ከዚያ በቋንቋችን፣ በቀስታ፣

«የሴፋኮ አባት» አለችው፤ «አልነበርክም።»

ብድግ ያለን አድማጭ «አልነበርክም» የሚል ተራኪ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አግቤኮ ቆሞ ቀረ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። እሷ ወደ እንግሊዝኛዋ ተመለሰች።

«ምን እያለች ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። «ዳቪ፣ ንገሪኝ።»

ከዚያ ወዲያ እሷ ትናገራለች፣ እኔ ጆሮው ላይ እመልሳለሁ። ባሌ ፄቪዬ ከተማ ለቅሶ ቤት ተረት ሊያወራ ሄዶ ነበር ትላለች። አትሂድ ብዬው ነበር ትላለች። ብቻዬን ጮህኩ ትላለች። አንዲት ዓሣ ሻጭ በውሃው ውስጥ መጣች። የጭስ ዓሣ ቅርጫቷን ታክሲው ላይ አስቀመጠች። የገዛ ሽርጧን ፈታ ልጄን ጠቀለለችበት። እስኪነጋ አብራኝ ነበረች። ባሌ ከቀናት በኋላ መጣ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት በምትወጣበት በዓል ዘመዶቹ ፊት፣ እዚያ ነበርኩ ብሎ ተረከ። ሰው ሳቀ። ላሳፍረው አልፈለግኩም፤ ተነስቼ ዘፈንኩለት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እዘፍንለታለሁ።

ጨረሰች። ዘፈን ያነሳ የለም። ዶትሴ እንኳ መሬት መሬት ያይ ነበር። አግቤኮ ይናደዳል፣ ጥሎ ይወጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሸሚዙን ቁልቁል እያየ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ «ስመጣ ልጅቷ ዓሣ ዓሣ ትሸት ነበር» አለ።

በኋላ ሰው በአብሎ ዳቦና በተጠበሰ ዓሣ ሲጋበዝ እሱ አልቀመሰም። አክፔኔ ሳህን ይዛ ስታልፍ መንገዷ ላይ ቆመ።

«የሴትየዋ ስም ማን ነበር?»

«አልጠየቅኳትም» አለች። «ጣሩ ይዞኝ ነበር።» ከዚያ ሳህኑን ሰጠችው። «አንተ ግን እስከ ዛሬ እንዴት አልጠየቅከኝም?»

የተሰጠውን ሳህን ይዞ ቆመ። አብረው ነው የተመለሱት፤ በመንገድ ሲነጋገሩ አላየሁም።

አሁን አግቤኮ ይተርካል፤ ሱቁም ድምፁ ተመልሷል። የታክሲውን ግን አይነካም። ሰው ለቅሶ ቤት «የታክሲውን አምጣ» ሲለው በአገጩ ወደ ሚስቱ ያሳያል፤ «የተረቱ ባለቤት እዚያ ተቀምጣለች።» አንድ ሁለቴ ነገረች፤ በቋንቋችን፣ እንደዚያው ሳታሳምር። እሷ ስትናገር እሱ አፉን ይዘጋል፤ ከመሃል ሌላ ሰው ሊነሳ ሲል በዓይኑ ያስቀምጠዋል።

ባለፈው የባሌን ፀጉር ሊያስተካክል ሲጀምር ነካ አደረግኩት። «ፎ አግቤኮ፣ ያ ቅናትህስ? መምህሩ እኮ አሁንም ሸሚዙን ይተኩሳል።»

«ይተኩስ» አለ። ምላጩን ጨርቅ ላይ አመላለሰ። ባሌ ጎንበስ ብሎ እየጠበቀ ነው።

«በዚያች ዓሣ ሻጭ ግን እቀናለሁ፣ ዳቪ» አለኝ። «ያን ቀን እሷ ነበረች።»