አስተርጓሚዋ ኑቫሊንጋ እና የአጊያክ አባት

በሰሜን ጫፍ፣ በበረዶ አገር ባለችው መንደራችን ሰው ሁሉ ስለ ኑቫሊንጋ የሚያወራት ቀልድ አንዲት ናት፤ «ባሏ ሲያስነጥስ እንኳ ለክሊኒኩ ነርስ ተርጉማ ነው የምትነግራት» ይሏታል። እሷም ትስቅ ነበር።

እንግሊዝኛ የተማረችበት መንገድ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ልጅ ሳለች የመንግሥት አውሮፕላን መጥቶ እሷንና እኩዮቿን ሰብስቦ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባቸው። አባቷ «አይሆንም» ሊል ፈልጎ አፉ አልታዘዝ አለው። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ቋንቋውን ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ በክሊኒኩም፣ በፖሊስ ጣቢያውም፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮውም ከደቡብ ለሚመጡ ነጮች አፍ ሆና ኖረች። የሥራው መመሪያ አጭር ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። እሷም ቃል ጨምራ ወይም ቀንሳ አታውቅም። በዚህ ትኮራ ነበር።

አጊያክ የእናቷ የአጎት ልጅ ናት፤ ኑቫሊንጋ «አክስቴ» ትላታለች። አጊያክ ካሉክ የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ ታሳድጋለች። የልጇ ልጅ ነው። እናቱ ገና በሆዷ ሳለ ለአጊያክ ልትሰጠው ቃል ገባች፣ ሲወለድም ሰጠቻት፤ በኛ ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። ስሙ የሟቹ የአጊያክ አባት ስም ነው። ስም ደግሞ ባዶውን አይመጣም፣ ሟቹም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ አጊያክ ልጁን «አባዬ» ብላ ስትጠራው ለማቆላመጥ አይደለም፤ አባቷ ስለሆነ ነው። ዓሣው ሲቆረጥ ጉንጩ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሱ ነው። አባት አይታዘዝምና አታዘውም፣ አባት አይገሠጽምና አትቆጣውም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ሰው በዚያ ቤት መቀመጫ አያገኝም።

ያን ክረምት ካሉክ ጓንት አላደርግም ብሎ ሁለት ጣቱን ውርጭ መታው። ትምህርት ቤትም ደስ ሲለው ይሄዳል፣ ደስ ካላለው ይተኛል። ነርሷ ለቢሮው ተናገረች፤ ቢሮው የልጆችን ጉዳይ የምትከታተለውን ሠራተኛ ጃኒንን ላከ።

ጃኒን ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር። ከደቡብ ከመጣች ወር አልሞላትም። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ወለሉ ላይ በካርቶን የተዘረጋውን ጥሬ ሥጋ ላለማየት እየጣረች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ጠባብ ቤት አሥር ሰው ይኖራል። ቤት የሚሠራውም መንግሥት ነው፣ የማይሠራውም መንግሥት ነው፣ «ቤቱ ተጨናንቋል» ብሎ የሚጽፈውም ያው መንግሥት ነው።

«ለምንድን ነው ልጁን ትምህርት ቤት የማይልኩት?» አለች ጃኒን። ኑቫሊንጋ አቀበለች።

«አልሄድም አለኛ» አለች አጊያክ። «እሱ አልሄድም ካለ እኔ ማን ነኝ?»

«ጓንቱስ?»

«ውርጩ ነገረው። አሁን ማንም ሳይነግረው ያደርጋል።»

ኑቫሊንጋ ይህንንም ተረጎመች። አንድ ቃል አልጎደለም። ጃኒን ጆሮ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ የስድስት ዓመት ልጅ የሚያዛት፣ ድካም የጣላት ምስኪን አሮጊት ሆነ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኼው ነው። ኑቫሊንጋ ፍርዱ ሲሰጥ በዓይኗ አየች፤ «ይህ ልጅ እኮ አባቷ ነው» የሚለው ምላሷ ላይ ነበር። ማንም አልጠየቃትምና ዋጠችው።

«በጣም ደክመዋል» አለች ጃኒን፣ የአጊያክን እጅ ይዛ፤ ከልቧ ነው። «እርስዎ እስኪያርፉ ድረስ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ካሉክ ኦታዋ ውስጥ ጥሩ ቤተሰብ ዘንድ ቢቆይስ?»

አጊያክ ዓይኗን ወደ ካሉክ መለሰች። ጃኒን ፍትሐዊ ለመሆን ፈለገችና ወደ ልጁ ዞረች። «ካሉክ፣ በአውሮፕላን መሄድ ትፈልጋለህ?»

ካሉክ ከፍራሹ ዘለለ። «በትልቁ? አዎ! እሄዳለሁ! መስኮቱ ጋ ነው የምቀመጠው!»

አጊያክ ልጁን አየችው፣ ጃኒንን አየቻት፣ ከዚያም ቅንድቧን ከፍ አደረገች። በኛ ዘንድ ይህ «አዎ» ነው። ኑቫሊንጋ ግን ምን ዓይነት አዎ እንደሆነ ታውቃለች። ፍርሃትና ይሉኝታ ተጋብተው የወለዱት፣ ከደቡብ በመጣ ሰው ፊት ብቻ የሚባል አዎ ነው። አባቷም እሷን ለአውሮፕላኑ ሲያስረክብ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

«ተስማሙ?» አለች ጃኒን።

«አዎ ብላለች፤ ግን አልተስማማችም።»

ጃኒን ግራ ገባት። «ኑቫሊንጋ፣ ይኼ የእሳቸው ቃል ነው የአንቺ?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው እሳቸውን ደግመሽ ጠይቂልኝ።»

ኑቫሊንጋ አክስቷ ፊት ተንበረከከች። «አክስቴ፣ ሊወስዱት ነው እኮ! ልጁ አውሮፕላኑ አምሮት ነው፣ መለየቱ አልገባውም። እምቢ በይ! በእናቴ ሞት፣ አንዴ እምቢ በይ!»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። አባቴ እሄዳለሁ ብሏል። ድሮም በረዶው ላይ ለአደን ሲወጣ ቅር እያለኝ አልሸኘሁትም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞስ መንግሥት ነው። እምቢ ብለው ይተወዋል?»

ኑቫሊንጋ ከተንበረከከችበት ተነሳች።

«ምን አሉ?» አለች ጃኒን።

«አዎ አለች።»

አውሮፕላኑ የመጣው ሰማዩ በጠራበት ቀን ነው። ካሉክ አዲስ ኮት ለብሶ ሲፈነድቅ ቆየ፤ መሰላሉ ሥር ሲደርስ ግን ዞር ብሎ አጊያክን አያት።

«ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ፣ አባዬ።»

ልጁ ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው አልሄድም። ቤት እንሂድ።»

የአጊያክ ፊት በራ። ወዲያው ጎንበስ ብላ ሻንጣውን አነሳች፣ የልጁን እጅ ያዘች፣ ወደ መንደሩ አቀናች። አባቷ ተናግሯል፣ በቃ፣ ነገሩ አልቋል። ከጃኒን ጋር የመጣው ፖሊስ ከፊቷ ቆመና ሻንጣውን በቀስታ ከእጇ ወሰደ።

«ምን እያለ ነው?» አለች ጃኒን።

«አልሄድም አለ። እሷም እሺ ብላዋለች።»

«ልጅ እኮ ነው፣ ኑቫሊንጋ። ይህን የሚያህል ነገር ልጅ አይወስንም።»

«'አዎ' ሲልስ ልጅ አልነበረም?»

የጃኒን ፊት ቀላ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እንባዋ ግን ለማንም አልጠቀመም። «ወረቀቱ ተፈርሟል» አለች። «ቦታውን እንደሚወደው ንገሪው። እባክሽ፣ እዚያ ደስ እንደሚለው ንገሪው።»

ኑቫሊንጋ አፏን ዘጋች። በሥራዋ ዘመን ተርጉሚ ተብላ እምቢ ያለችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ምንም አላመጣም። ፖሊሱ ልጁን ብድግ አድርጎ አስገባው፤ ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ጥቂት ጊዜ የተባለው ጥቂት ሳይሆን ቀረ። ጃኒን በጸደይ ወደ አገሯ ተመለሰች። በእሷ ቦታ የመጣው ሰው አጊያክን አያውቃትም፤ ከእሱ በኋላ የመጣችውም አታውቃትም፤ ሁሉም «እናጣራለን» ይላሉ። ኑቫሊንጋ ሥራውን ትታ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ሆነች። ቢሮውም አልተቸገረም፤ አሁን ከሩቅ ከተማ በስልክ ያስተረጉማል። አጊያክ አንድም ቀን አልወቀሰቻትም፤ ብትወቅሳት ኑቫሊንጋ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ልጁ አጊያክን በስልክ እንዲያነጋግር ተፈቀደ። አጊያክ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጥቂት ሰማችና ወደ ኑቫሊንጋ ቤት የጎረቤት ልጅ ላከች።

«የኛን ቋንቋ ረስቷል» አለቻት ስትደርስ። «ነይ፣ ልጄ፣ አነጋግሪን።»

ኑቫሊንጋ ዳግም ላትተረጉም ምላ ነበር። ይህን እንዴት እምቢ ይሏል? አጊያክ አጠገብ ተቀምጣ ስልኩን ተቀበለች።

«አባዬ፣ በላህ ወይ?»

በልቷል።

«ብርዱስ እንዴት ነው?»

ደህና ነው።

«ያ የታመመው ጣትህስ?»

ድኗል፣ አመሰግናለሁ። ድምፁ ቀጭንና የታረመ ነው። ቀጥሎ ልጁ አንድ ነገር ተናገረ፤ ኑቫሊንጋ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች።

«ምን አለ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ናፍቀሽኛል አለ ብትል ማን ያውቃል? አጊያክ ግን ፊቷን እያየች ነበር፤ በዚያ ዓይን ፊት መዋሸት አልሆነላትም።

«'ስልኩን ልዝጋ? ይፈቀድልኛል?' ነው የሚለው።»

«ማን? አባቴ?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

አጊያክ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔን ነው የሚያስፈቅደው?»

ኑቫሊንጋ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ካሉክ ወዲያ ማዶ ይጠብቃል። ጨዋ ልጅ ሆኗል፣ ሳይፈቅዱለት አይዘጋም።