ጾመኛው ቅንጭብ

ሰው ከሞጆ ሲመለስ ዶሮና ሽንኩርት ይዞ ይመጣል፤ ገረሱ ግን የአጥር ዝንጣፊ ይዞ ከአውቶቡስ ወረደ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ወንድሙ የአባታቸውን ግቢ የቅንጭብ አጥር ነቅሎ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ገረሱ ያተረፈው ያቺን ዝንጣፊ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ብዙነሽ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ሥር ባለው ቤታቸው በር ላይ ቆማ አየችው። «ሰው ቤቱን ያጥራል። አንተ አጥሩን ቤት ልታስገባ ነው?»

«ደጅ ካደረ ብርዱ ይገድለዋል።»

እውነቱን ነው። ቅንጭብ የቆላ ልጅ ነው። ቅጠል የለውም ቢባል ይቀላል፤ ሁለመናው እርሳስ የመሰለ አረንጓዴ ጣት ነው፤ ውሃውንም እዚያው ጣቱ ውስጥ ያጠራቅማል። ሲቆረጥ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ከነካ ጉድ ስለሚያመጣ፣ ገረሱ እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ነበር የያዘው። የተቆረጠበት ቁስሉ እስኪደርቅ ዝንጣፊውን ጥላ ሥር አስተኛው። ከዚያ የዘይት ጣሳ ሥሩን በምስማር በስቶ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ሞልቶ ተከለውና ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አኖረው። ሕግም አወጣ፦ አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ ውሃ የለም።

ቅንጭቡ አዲስ ጣት አወጣ። አፈሩ ግን ደርቆ አያውቅም። «ጠብታ ሳልሰጠው ይኸው ያድጋል፤ የአባቴ አጥር ብርቱ ነው» እያለ ገረሱ ለጎረቤት ሁሉ ያሳያል። ክረምት ሲገባ ብርቱው ከሥሩ ለስልሶ ጠቆረ። ገረሱ ብርዱ መስሎት ጋቢውን አለበሰው።

«እኔ ሳስል ጋቢህን አውልቀህ ታውቃለህ?» አለች ብዙነሽ።

እሑድ፣ አማቱ እማማ አሳየች ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ጎራ አሉ። ገረሱ ከጓዳ ብቅ ሲል፣ ከቢጫ ጄሪካናቸው ጣሳው ላይ ሲያንቆረቁሩ ደረሰ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ጠበል ነዋ። ቅጠሉን ሁሉ አርግፎ ሳየው አሳዘነኝ። ከመጣ ጀምሮ በየሳምንቱ አጠጣዋለሁ።»

ገረሱ አፈሩን በጣቱ ነካ፤ ጭቃ ሆኗል። አማቱን፣ ያውም ጠበል ይዘው ሳሉ፣ «ይቅርብን» የሚል ወንድ በየካ ገና አልተወለደም። ዝም ቢል ደግሞ የአባቱ አጥር ማለቁ ነው።

«እማማ፣ እሱ እኮ ጾም ላይ ነው» አለ።

«ማን?»

«ቅንጭቡ። ብርድ ሲሆን ያርፋል፤ ውሃ አይቀምስም። ተፈጥሮው ነው።»

እማማ ጄሪካኑን ከደኑ። «እስከ ዛሬ ሳስገድፈው ከረምኩ በለኛ።»

ገረሱ ያልበሰበሰውን ጫፍ ቆርጦ፣ አድርቆ፣ በአዲስ አፈር ተከለ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ብርጭቆ ይዞ ወደ ጣሳው ከተጠጋ፣ «ተወው፣ ጾመኛ ነው» የሚሉት እማማ ሆኑ። በፍልሰታ ገረሱን እንቁላል ሲበላ ያገኙት ጊዜማ፣ «ከእንጨት ታንሳለህ?» አሉት።

በመስቀል ሰሞን ጫፉ ላይ አዲስ ጣት ብቅ አለ። እማማ ጠበል በሲኒ ይዘው መጡ።

«አሁንስ ይፈስካል?»

ገረሱ ቀጭን እንጨት እስከ አፈሩ ታች ሰደደ። ደረቅ ሆኖ ወጣ። «ይፈስካል፤ ግን በልኩ።»

እማማ ግማሹን ለቅንጭቡ አፈሰሱና ሲኒውን ለገረሱ አቀበሉት። «የቀረው ያንተ ነው። እህል ቀምሰህ ከሆነ ግን ለነገ ይቆይ።»

ገረሱ ቁርሱን በልቷል። ሲኒውን ከቅንጭቡ አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።