አክስቴ ቀን የቆረጠችለት ኩላሊት

በአንኮበር አክስቴ ያልዳበሰችው ሆድ አልነበረም። የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ በልምድ ታዋልዳለች፤ እንደ እሷ ያለ እጅ አገሩ አይቶ እንደማያውቅም ራሷ ትናገር ነበር። እኔንም ያዋለደችኝ እሷ ናት። በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ስማር፣ ለመስቀል ወደ ቤት መጣሁና ግራ ጎኔን ወደ ታች አመመኝ። እናቴም እንደ ደንቡ አክስቴን አስጠራች።

አክስቴ አጋደመችኝና ዳበሰች። ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ ጭብጥ የሚያህል ነገር አገኘች። እናቴን ወደ ጓዳ ይዛት ገባች። ሹክሹክታ የማይሆንላት ሴት ስለሆነች ፍርዱን እዚያው ተኝቼ ሰማሁ፤ ለጥምቀት እወልዳለሁ።

እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ማን ነው?» አለችኝ። ማንም አልነካኝም፣ የወር አበባዬም ቀርቶ አያውቅም አልኳት። አክስቴ ከኋላዋ ሆና አንዳንዷ አርግዛም ታያለች ብላ ዘጋችው። እናቴ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ያመነችኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሞኝ ነበርኩ።

ወደ ትምህርት ቤት መመለሴ ቀረ። ሰፈሩም አባት ፍለጋ ተሰማራ። መጀመሪያ የሒሳብ አስተማሪያችን ላይ አረፉ፤ ሰውየው በዕድሜ አያቴን እንደሚያህል ሲሰሙ ግን ወደ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ተዛወሩ። ሹፌሩን አይቼው አላውቅም፤ ስለ እኛ ፍቅር ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ብዙ ሰው ነበር። አባቴ ቄስ ነው። ጠዋት ጠዋት መስቀሉን ያሳልመኛል፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ እናቴ ብቻ ታምነኝ ዘንድ እየተሳልኩ አድር ነበር። እሷ ግን ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ ውኃና ስለ እንጨት ሆነ።

ጥምቀት መጣ፣ ታቦቱም ወጥቶ ገባ፣ እኔ አልወለድኩም። አክስቴ ቀኑን ወደ ኪዳነ ምሕረት አዛወረችው። ኪዳነ ምሕረትም አለፈች፤ ወደ ፋሲካ ተዛወረ። ሆዴ እንደ ድሮው ጠፍጣፋ ነው፤ ቀሚሴም አልጠበበኝም። ለዚህም መልስ አላጣችም፤ ጽንሱ ወደ ጀርባ ዞሮ ተኝቷል፣ ሲነቃ ይመጣል አለች። ስንፍናው ደግሞ ወደ እናቴ ወገን የሄደ ነው ተባለ።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ገና በጥር፣ እናቴ ገብስ ስትቆላ አገኘኋት። ደብረ ብርሃን ስሄድ ሁልጊዜ በሶ ትሰንቅልኝ ስለነበር ወደ ትምህርቴ ልትመልሰኝ ነው አልኩ። ዱቄቱ ተፈጭቶ መጣ፣ በቅል ሆኖ ጓዳ ተቀመጠ፣ ስለ መንገድ ግን ያነሳ ሰው የለም።

ከፋሲካ በኋላ ትኩሳት ጣለኝ፤ ሽንቴም ደም ሆነ። አክስቴ ምጡ ጀመረ ብላ እጇን ታጠበች። አባቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እኅቱን አልሰማም፤ በበቅሎ ጭኖ ደብረ ብርሃን አወጣኝ። እዚያ ያገኘነው ድሬሰር፣ የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ አዋላጇ ማን እንደሆነች ሲሰማ እኔን መንካት እንኳ አላስፈለገውም፤ በእሷ ፊት ምን እውቀት አለኝ ብሎ ሸኘን። አባቴ ግን ወደ ቤት አልመለስም አለ፤ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን።

የሆስፒታሉ ሐኪም ፈረንጅ ነው። በክንዴ ደም ሥር መድኃኒት ወግቶ ራጅ አስነሳኝና ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ለአባቴ አሳየው። በአስተርጓሚ እንደገባን፣ ሰው ሲፈጠር ኩላሊቶቹ ታች ዳሌው ውስጥ ይጀምሩና ገና ሳይወለድ ወደ ላይ ይወጣሉ። የእኔ ቀኙ ወጥቶ ቦታውን ይዟል፤ ግራው እዚያው ታች ቀርቷል። የሽንቱ መውረጃም ጠመም ስላለ አልፎ አልፎ ያመኛል፤ አሁን ደግሞ መርቅዟል። መርፌ ተወጋሁና ዳንኩ። ሐኪሙ መቅደድ አያስፈልግም አለ፤ ያገባሁና የወለድኩ ቀን ግን ለሚያዋልደኝ ሰው እንድነግር አስጠነቀቀኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ጫጫ ከተማ ደረሰ። አባቴ ወደ እኔ ዞረና «እንግዲያውስ ከታች ከአልዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ የአንኮበር አቀበት ከብዶት የቀረ ኩላሊት ነው በይኛ» አለኝ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሲበቃው መስቀሉን አወጣና አሳለመኝ፤ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ።

አክስቴ ወሬውን ስትሰማ ተቀየመች። «ልጅ ቢሆን ተወልዶ ይገላገሉት ነበር። ይኼ መቼ ሊወለድ ነው?» አለች። ቀጥላም፣ አለ ያለችው ነገር አለ ወይስ የለም ብላ አባቴን ሞገተችው። መኖሩንስ አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ያንን ኩላሊት ከእኔ ጋር አብራ ያዋለደችው ራሷ ናት፤ ያዋለዱትን መልሶ ለማዋለድ ወራት ሙሉ መጠበቅ ግን የእሷ ብቻ ጥበብ ነው።

በማግሥቱ እናቴ ያንን ቅል ከጓዳ አወጣችና ገንፎ አገነፋች። መሀሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት፤ ልክ ለአራስ እንደሚደረገው። ስሜን በክፉ ሲያነሱ የከረሙት ጎረቤቶች ለእንኳን ማረሽ መጡ። ለወንድም ለሴትም የዕልልታው ቁጥር ይታወቃል፤ ለኩላሊት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ዝም ብለው በሉ። አክስቴም በላች፤ ከሁሉም አብልጣ።

ሲወጡ እኔና እናቴ ቀረን። ዱቄቱ የበሶ መስሎኝ ነበር አልኳት።

«የገንፎ ነው» አለች፣ ድስቱን እየፋቀች።

«እማዬ፣ አላመንሽኝም ነበር ማለት ነው?»

«አላመንኩሽም። ዲቃላ ስትወልጂ ማንም አይጠይቅሽም ብዬ ነው የቆላሁት። ብቻሽን አራስ ሆነሽ እንዳትራቢ።»

ከድስቱ የፋቀችውን አጎረሰችኝ። ስላላመነችኝ እስከ ዛሬ ተናድጃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አፌን ከፍቼ ጎረስኩ።