እናቷን ተከትላ ወደ ፈንታሌ

ቀነኒ የስፌት መኪናዋን በረገጠች ቁጥር ጠረጴዛው ይርገበገባል። ድሮ ልብ አትለውም ነበር። ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ከጀመረበት በጋ ወዲህ ግን እግሯን በድንገት ታነሳና ጠረጴዛው ዝም ማለቱን ታያለች። ዝም ካለ የመኪናው ነው፤ ካላለ የመሬቱ። ጭሮ ገበያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቋ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ትውላለች፤ ስትነሳ ስትቀመጥ ግን ሥራው ከእጇ አልወጣ አለ። ባሏ ኤልያቄም ግንበኛ ነው። ቤታቸውን በገዛ እጁ ስለሠራው እንደማይወድቅ ደጋግሞ ነግሯታል። እሷ ግን ልብሷን ሳታወልቅ መተኛት ለመደች።

የተወለደችው ፈንታሌ ግርጌ፣ ከከረዩ ከብት አርቢዎች ነው። ልጅ ሳለች ድርቅ ሲጠና ጭሮ ወዳለች አክስቷ ዘንድ ለትምህርት ተላከች። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አቋርጣ ስፌት ተማረች፣ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት መዘምራን ውስጥ ገባች፣ እዚያው ኤልያቄምን አገኘችና አገባችው። ተራራው አናት ላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ አፍ በወሬ ካልሆነ አታውቀውም። በድርቅ ጊዜ ከብቱ ወርዶ የሚግጥበት፣ አሮጊቶች እርጥብ ሣር ይዘው ዝናብ የሚለምኑበት ቦታ ነው። እናቷ ስታድጊ እወስድሻለሁ ብለዋት ነበር። ሳታድግ ሄደች።

እናቷ ረዲያ ጭሮ የመጡት መሬቱ ተሰንጥቆ የመንደሩ ሰው በጭነት መኪና ሲወጣ ነው። ቀነኒ አልጋዋን ለቀቀችላቸው። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲነጋ ተነስተው መናኸሪያው በር ላይ ይቆማሉ። የሚኒባስ ረዳቶች ለምደዋቸው ነበርና እጃቸውን ይዘው ይመልሷቸዋል። ከብቶቻቸው የቀሩት የእህታቸው ልጅ መህዲ ጋር ነው። ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲሸሽ መህዲ ከብቱን እየነዳ ወደ ላይ ወጣ፤ ሣር የተረፈው እዚያ ብቻ ስለሆነ እሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ አስገባቸው የሚል ወሬ በስልክ ደረሰ። ይህን ከሰሙ በኋላ እናትም ልጅም እህል አልወርድ አላቸው።

አንድ ቀን ረዲያ መናኸሪያው በር ላይ ታጡ። ቀነኒ ባጃጅ ይዛ ከገበያ እስከ ጤና ጣቢያ ከተማውን አካለለችው። በመጨረሻ አንድ የጫት መኪና ሾፌር ወደ ፈንታሌ በሚወስደው መንገድ፣ ሚኤሶ ላይ እንዳወረዳቸው ነገራት። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መጀመሪያ ያገኘችው ሚኒባስ ላይ ወጣች።

ሚኤሶ አስፋልቱ ዳር፣ የቆመ ከባድ መኪና ጥላ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"አዮ፣ እንመለስ" አለቻቸው በኦሮምኛ፤ እናቷን የምትጠራው እንዲያ ነው።

"አንቺ ተመለሺ። እኔ ከብቴን ሳላይ አልመለስም።"

"ተራራው ሊፈነዳ ይችላል ይላሉ እኮ።"

"ይላሉ። እኔ ደግሞ ሄጄ አያለሁ።"

ክንዳቸውን ይዛ ልታስነሳቸው ሞከረች። ክንዱ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተነሳም። መንገደኛው ቆሞ ሲያያቸው አፈረችና ለቀቀቻቸው። ከዚያ ለኤልያቄም ደውላ ከእናቷ ጋር ፈንታሌ አጠገብ ወዳለችው መተሐራ እንደምትሄድ ነገረችው። እሱም ሱቁን እንደሚዘጋላት፣ እንደሚጸልይም ነገራት።

መተሐራ ዘመድ ቤት አደሩና በማግስቱ መህዲ መጥቶ ወሰዳቸው። ድሮ ቀልጦ የፈሰሰውን ጥቁር የድንጋይ ሜዳ ጥለው፣ ግድግዳቸው የተሰነጠቀ ባዶ ቤቶችን አልፈው ሽቅብ ያዙ። አንድ ቦታ መሬቱ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተከፍቷል። መህዲ ዘሎ ተሻገረ፤ ረዲያ በበትራቸው ተደግፈው ተሻገሩ። ቀነኒ ግን ዙሪያውን ሄዳ የሚጠብበትን ፈለገች። አናቱ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ጠንክራለች።

ጉድጓድ ብላ ያሰበችው አገር ሆኖ አገኘችው። ገደሉ ዙሪያውን እንደ ግንብ ቆሟል፤ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ሣር ነው። ከድንጋዮቹ መሃል እዚህም እዚያም ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ሚዳቋ የምትመስለው ሰስ ገደሉ ላይ ከአለት አለት ትዘላለች። ከብቶቹ ከሩቅ የፈሰሰ ጥራጥሬ ይመስላሉ። ረዲያ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው እያዩ ላሞቹን በስም በስማቸው ጠሩ። ድምፃቸው እዚያ እንደማይደርስ ያውቃሉ። ከዚያ ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ያዙና መለመን ጀመሩ፤ ለዝናብ፣ ለከብቱ፣ ለመህዲ፣ ለቀነኒና ለኤልያቄም።

ቀነኒ አብራ ትለምን ወይስ ዝም ብላ ትቁም ግራ ገባት። ጸሎት ቤት ያሉት ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እያሰበች ሳለ መሬቱ ከእግሯ ሥር ተናጠ። ከማዶ ገደል ድንጋይ ተንዶ አቧራ ተነሳ። መሬት ላይ ተደፍታ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ጨበጠች። እናቷ ልመናቸውን አላቋረጡም፤ ድምፃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸውም ፈርተዋል። ቀነኒ እናቷ ሲፈሩ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ሲረጋ ከብቶቹ ቀና ያደረጉትን ራስ መልሰው ወደ ሣሩ ደፉ።

"አሁንስ ከብትዎን አዩ፤ እንሂድ" አለች ቀነኒ እያለቀሰች።

"እዚህም እፈራለሁ፣ ጭሮም እፈራለሁ ልጄ" አሉ ረዲያ ከጎኗ ቁጭ ብለው። "እዚህ ግን የምፈራለትን አየዋለሁ።"

መህዲ ከተራራው ግርጌ በሠራው ዳስ ውስጥ እናቷ ቀሩ፤ ቀነኒ ብቻዋን ተመለሰች። ለኤልያቄም ሁሉንም ነገረችው፤ እዚያው ቆማ የሣሩን ልመና መስማቷንም አልደበቀችም። እሱ ልመናውን አለፈውና ስለ ዳሱ ብዙ ጠየቃት፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር፣ ምሰሶው መሬት ውስጥ ምን ያህል ገብቷል አላት። በሳምንቱ መዶሻና ገመድ ይዞ ከእሷ ጋር ሄደ። ግንበኛው ሰውዬ ድንጋይ ሳይነካ፣ ቢወድቅ ሰው የማይጎዳ ቀላል የእንጨት ጎጆ ሠራላቸው።

ቀነኒ አሁን በሁለት ቦታ ትኖራለች ማለት ይቻላል። ጭሮ ስትሆን ፈንታሌን፣ ፈንታሌ ስትሆን ያልተሰፋውን ዩኒፎርም ታስባለች። እናቷ በስልክ ስለ ጥጆቹ ያወሯታል። እሷም መሬቱ ዛሬ እንዴት ነው ብላ ትጠይቃቸዋለች።